ሳሙናው ነው

«ሴትዮዋ ጥሩ ናት፤ ወላሂ ክፉ አይወጣኝም። እጇ ግን አልቋል።»

ዳውድ ይህን የሰማው ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር፣ እናቱ በምትሠራበት ቤት፣ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነው። የቤቱ እመቤት ሲት ሂያም ሳሎን ሆና ሠራተኛ ከሚያስቀጥረው ደላላ ጋር በስልክ ታወራለች። ድምጿ ላይ ቁጣ የለበትም፤ ስላረጀ ማቀዝቀዣ የምታወራ ነው የምትመስለው። ብርጭቆ ከእጇ ይወድቃል፤ አንሶላ ውሃው ሳይወጣለት ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ትቆይ፤ ከዚያ አዲስ ከገቡት ውስጥ አንዲት ወጣት፣ እጇ ገና ያልደከመ ብትልክልኝ። «ለጦይባ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። አንተ እንዳትቀድመኝ፤ ታዝንብኛለች» አለችና ወዲያው የደላላውን ልጆች ጤና ትጠይቅ ጀመር። ዳውድ የያዘውን ጠርሙስ ወደ ደረቱ አስጠጋ። የሰሊጥ ዘይት ነው። ትናንት እናቱ ከዚሁ ስልክ እሱ ወደሚሠራበት ሱቅ ደውላ፣ «ከአልጋው ሥር ያለውን ዘይት ስታልፍ ጣል አድርግልኝ፤ ለፀጉሬ ነው» ብላው ነበር። እናቱ ፀጉሯን የሰሊጥ ዘይት ስትቀባ ግን አይቷት አያውቅም።

እናቱ ጦይባ ጓሮ ነበረች። ቤቱ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ፤ ሲት ሂያም ግን አንሶላ በእጅ ካልታሸ አይነጣም ባይ ናት። ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ የነበረችው ጦይባ ቀና አለችና፣ «መጣህ የኔ አባት? ቁርስ በላህ?» አለችው። ዘይቱን ተቀብላ ከሳሙና ካርቶኑ ኋላ ሸጎጠችው። ከዚያ ትልቁን አንሶላ ከውሃው አወጣችና አንዱን ጫፍ ሰጠችው። ልጅ ሆኖም እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ እሷ ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ እያዞሩ፣ አንሶላው እንደ ገመድ እስኪገመድ፣ ውሃው እየተንፎለፎለ እግራቸውን እስኪያርስ። ዛሬም ማዞር ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ በዳውድ ቀኝ መዳፍ ውስጥ ያ የሚያውቀው ነገር ተነሣ፤ ከአውራ ጣቱ እስከ መሐል ጣቱ ድረስ ጉንዳን የሰፈረበት መሰለው፤ ቀጥሎም ጣቶቹ የሱ መሆናቸው ቀረ። አንሶላው ከእጁ ሲሾልክ በዚያው ቅጽበት ከእሷም እጅ ሾለከ። ነጩ ጨርቅ አቧራው ላይ ተዘረረ። ሁለቱም ቁልቁል አዩት። ማን ቀድሞ እንደለቀቀ አይታወቅም።

«ሳሙናው ነው» አለች ጦይባ።

«አዎ፤ ሳሙናው ነው» አለ ዳውድ።

አንሶላውን አንሥታ መልሳ ሳፋው ውስጥ ነከረችው። ሊነግራት ፈልጎ ነበር። ግን የሰማውን ነው ወይስ የእጁን ነገር፣ የትኛውን እንደሚያስቀድም አላወቀም። ስለ እሱ ለሚኖሩበት ለዴም ሰፈር ሴቶች የምታወራውን ያውቃል፦ «የኔ ልጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ በጣቱ ጫፍ ነው የሚሠራው። ሥራው እንደኔ እጁን አይበላውም።» ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ ድረስ እሱን ለማስተማር ያጠበችው አንሶላ ሁሉ እዚህች ወሬ ውስጥ አለ። እሷ ከዚህ ቤት በወሩ መጨረሻ ከወጣች ደግሞ የዴሟ ክፍላቸው በእሱ እጅ ብቻ ነው የምትቆመው። «ማታ ትመጫለሽ?» ብቻ አላት። ሐሙስ ነው፤ ከሐሙስ ማታ እስከ ዓርብ ማታ ቤት ታድራለች፤ የቀረውን ሳምንት እዚሁ ሠራተኛ ክፍል ነው የምትተኛው፤ እሱም እዚያ ብቻውን ነው። «ኢንሻአላህ» አለች ፊቷን ወደ ሳፋው መልሳ፤ «ሂድ አሁን፤ ሥራህ ይረፍድብሃል።»

ካርቱም ውስጥ ከሃፍላ፣ ከከተማ አውቶቡስ፣ መውረድ የፈለገ ሰው አይጣራም፤ ጣቱን ያጮሃል። አውራ ጣትና መሐል ጣት ተፋትገው ጧ ሲሉ ሒሳብ ተቀባዩ ኩምሳሪ ይሰማል፤ እሱም በተራው ለሾፌሩ «ትስስስ» ይላል፤ ሃፍላው ይቆማል። ሕፃናት እንኳ ይችሉበታል። ዳውድ የሚወርድበት የዩኒቨርሲቲ አጥር ሲታየው ጣቶቹን አጣመረና ሳባቸው። ጨርቅ ከጨርቅ የተፋተገ ያህል እንኳ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከረ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው እጁን አየና ወደ መስኮቱ ዞረ። አፉን ከፍቶ «ወራጅ አለ» ማለት ይችል ነበር፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል ብሎ ዝም አለ። እንዲህ ከሆነ ሰነበተ። ሃፍላው መውረጃውን አልፎ እስከ ሱቅ አል-ዐረቢ ገበያ ይወስደውና ከዚያ በእግሩ ይመለሳል። በእግሩ ሲመለስ ሐሳብ ይይዘዋል፤ ጣት የማይጮህበት፣ ሰው ሊወርድ ሲያስብ ሾፌሩ በራሱ የሚያውቅበት አገር። እዚያ አገር ሲት ሂያም ራሷ አንሶላ ታጥባለች፤ እናቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ ታያታለች። ከአንድ ራክሻ ባጃጅ ጋር ሊጋጭ ሲል ሾፌሩ «አንተ ሰው፣ ተኝተህ ነው የምትሄደው?» ብሎ ሰድቦት አለፈ።

ሱቁ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፣ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤቶች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ነው። ባለቤቱ ዓም ፈድለላ ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን ሸጦ ኮምፒውተር ሲገዛ ጠረጴዛውን አልሸጠውም፤ ስለዚህ ኪቦርዱ የስፌት መኪናው በነበረበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ሥሩ ያለው የብረት መርገጫም ዛሬ ድረስ ይንቀሳቀሳል፤ ዳውድ ሐሳብ ሲገባው ሳያውቀው ይረግጠዋል። ጠረጴዛው ከፍ ያለ፣ በርጩማው ዝቅ ያለ ነው። ሲጽፍ ክርኑ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ አንጓው የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተሰብሮ፣ ጣቶቹ ወደ ላይ ይንጠራራሉ። ከጀርባው መስኮቱ ላይ በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ አለ፤ እሱ ከሌለ ሱቁ ምድጃ ነው፤ እሱ ካለ ደግሞ ወረቀት አይቀመጥም። ስለዚህ ግራ እጁ የሚገለበጠውን ጽሑፍ ከነፋሱ ይጠብቃል፤ ቀኝ እጁ ይጽፋል። ከጊዜ ብዛት በአንድ እጁ ሌላው ሰው በሁለት እጁ የሚጽፈውን ያህል መጻፍ ለመደ። ደንበኞች ቆመው ያዩታል። ፈድለላም «ይህ ልጅ ግራ እጁን ገና አልጀመረውም» እያለ ይኮራበታል።

ሌላም ልማድ ነበረው። እዚህ አገር ካህረባ የሚሉት መብራት ሳይሰናበት ነው የሚሄደው። አንድ ጊዜ የአንድ ሽማግሌ ጠበቃ ሙሉ ጽሑፍ ከስክሪኑ ላይ ጠፍቶ፣ ሽማግሌው በርጩማው ላይ ተቀምጠው ሰው እንደሞተባቸው ዝም ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዳውድ አንድ መስመር ጽፎ ያስቀምጣል፤ አንድ መስመር ጽፎ ያስቀምጣል። ግራ እጁ ወረቀት ላይ ስለሆነ ቀኝ እጁን ወደ ኪቦርዱ ግራ ጥግ ወርውሮ፣ አንጓውን ጠምዝዞ፣ ሁለቱን ቁልፎች ባንዴ ይጫናል። ገጹ ሲያልቅ ከጻፈው ያስቀመጠው ይበልጣል። ካህረባ ሲጠፋ መንገዱ ሁሉ በእርግማን ይሞላል፤ ዳውድ ግን በጨለማው ውስጥ እጁን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ ማንም ሳያየው፣ ጣቶቹ ቀስ በቀስ ወደ እሱ ሲመለሱ ያዳምጣል። ዛሬ ካህረባው ሊጠፋ አልፈለገም። ከጠዋት ጀምሮ አምፖሉ ሳይርገበገብ ቦግ ብሎ በርቷል።

የሱቁ ደፍ ላይ ሰዓት የሚጠግነው ይማም የወሎ ሰው ነው፤ ከእናቱ ሌላ አማርኛ የሚያናግረውም እሱ ብቻ ነው። የእጁን ነገር ያወቀውም እሱ ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ዳውድ ሻይ ሲያፈስ አይቶት። «ብርድ ነው የገባህ» አለው፤ «ከዚህ ውሃ ከሚተፋው ማሽን። ደሙ ቆሟል። አንቀሳቅሰው፤ አታስተኛው።» ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ፣ ሰፍቶ፣ ልጆች መንገድ ላይ እንደሚጫወቱበት ዓይነት ኳስ ሠራለትና ማታ ማታ ጭመቀው አለው። ዳውድም ማታ ማታ ብቻውን የገመድ አልጋው አንገሬብ ላይ ጋደም ብሎ፣ የጎረቤት ሬዲዮ እያዳመጠ፣ እስኪደክመው ይጨምቃል። በጨመቀ ቁጥር ይብስበታል፤ በባሰበት ቁጥር አጥብቆ ይጨምቃል። «እህ፣ እጅህ እንዴት አደረ?» አለው ይማም ዛሬም በማጉያው ውስጥ አንድ ዓይኑን አጉልቶ እያየው። «ደህና ነው» አለ ዳውድ። «አብሽር፤ ብርድ አይደል፣ ይወጣል።»

ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀው የመላክ ጽሑፍ ነበር። መላክ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ የምትማረው የታመመ ጡንቻና መገጣጠሚያ በእንቅስቃሴ የሚታከምበትን ሙያ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን በእጇ እየጻፈች ምዕራፍ በምዕራፍ ታመጣለታለች። ዛሬ ከቀትር በኋላ የኮሌጁ ቢሮ ሳይዘጋ ማስረከብ አለባት። ዳውድ የሰው ጽሑፍ ሲገለብጥ አያነብም፤ ቃሉ በዓይኑ ገብቶ በጣቱ ይወጣል፤ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ዛሬ ግን አንድ መስመር ላይ እጁ ቆመ። «በሽተኛው ሌሊት በጣቶቹ መደንዘዝ ከእንቅልፉ ይነቃል፤ እስኪሻለውም እጁን ያራግፋል» ይላል። ዘወር ብሎ ከኋላው ሰው እንዳለ አየ። ማንም የለም። ሌሊት ሌሊት በጨለማው ክፍል ቁጭ ብሎ፣ ውሃ እንደነካው ሰው እጁን ሲያራግፍ፣ ማንም አያየኝም ብሎ ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው በበሩ ቀዳዳ ሲያየው የከረመ መሰለው። ቀጠለ፤ ዛሬ እያነበበ። ኪቦርድ ላይ ለረጅም ሰዓት የሚሠሩ ሰዎች፤ የታጠፈ አንጓ፤ በአንጓው ጠባብ መንገድ ውስጥ የሚጨፈለቀው ነርቭ፤ ከዚያ ብርጭቆ መውደቅ፤ ከዚያ ቁልፍ መቆለፍ አለመቻል። በመጨረሻ የአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ይሟሽሻል፤ ያ ከሆነ በኋላ ያጣውን ኃይል መመለስ ይከብዳል። ይህን ጽፎ እጁን ጠምዝዞ አስቀመጠው።

መላክ የመጣችው ከዙህር ሶላት በኋላ ነው፤ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ፣ የራስ መሸፈኛ ጥርሓዋ ትከሻዋ ላይ ወርዶ። «ኡስታዝ ዳውድ፣ በአላህ አለቀ በለኝ።»

«ትንሽ ቀረው ያ ዶክቶራ። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ለጥቂት ጊዜ ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ እጁን ማየት ጀመረች። ዳውድ አንድ ቁልፍ ሳተ፤ ሰርዞ ጻፈ፤ እንደገና ሳተ።

«ይቅርታ፣ በአንድ እጅ የምትጽፈው ለምንድነው?»

«ሌላው ወረቀት ይይዛል።»

ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነበር። ማቀዝቀዣውን አየች፤ ጠረጴዛውን አየች፤ በጠርዙ ላይ የተሰበረውን አንጓ አየች። ሳቋ ቆመ። «ሌሊት ያነቃሃል?»

ስለ ሌሊቱ ማንም ጠይቆት አያውቅም። «ያነቃኛል» አለ።

«ታራግፈዋለህ?»

«አራግፈዋለሁ።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! እኔ መጠይቄን ይዤ በሽተኛ ፍለጋ ከባንክ ባንክ ስዞር፣ በሽታው ራሱ ቁጭ ብሎ ጽሑፌን ይጽፍልኛል!» አለች። ይማም እንኳ ደፉ ላይ ሆኖ ሳቀ። እሷ ግን እስክሪብቶዋን በአውራ ጣቱና በትንሿ ጣቱ መካከል አስያዘችውና፣ «ያዝ፤ እንዳትለቅ» ብላ ሳበችው። እስክሪብቶው ወጣ። የአውራ ጣቱን ሥር ሳትነካው ጠጋ ብላ አየችው። «ሥጋው ገና አለ። አልሐምዱሊላህ። ግን ወደዚያ ነው የምትሄደው።» ከዚያ በችኮላ ነገረችው፤ የነገረችው አብዛኛው አሁን በገዛ እጁ የጻፈው ነበር፤ በሰው አፍ ሲሰማው ግን ሌላ ሆነበት። በርጩማውን ከፍ አድርገው፤ ክርንህ ከኪቦርዱ እኩል ይሁን፤ አንጓህ አይታጠፍ፤ ጠርዙ ላይ አይጫን፤ ካህረባ እስኪጠፋ አትጠብቅ፣ በየመሐሉ አንተ ራስህ ተነሥ። ሌሊት ሳታውቀው ታጥፈዋለህ፤ ስለዚህ ጠፍጣፋ ነገር ከመዳፍህ እስከ ክንድህ አድርገህ፣ ሳታጠብቅ እሰረውና እደር። በዚህ ካልተሻለህ ሐኪም ቤት ሂድ፤ አትቆይ። ዳውድ ኪሱ ውስጥ ያለውን የካልሲ ኳስ አውጥቶ አሳያት። «ይህንንስ?»

«ይህን ማን ነው የሰጠህ?»

ይማም ማጉያውን ዓይኑ ላይ አጥብቆ አንገቱን ደፋ። «ልጆች ናቸው» አለ ዳውድ።

«ለልጆቹ መልስላቸው።»

ከመነሣቷ በፊት ከጥርሓዋ ሥር አንድ ጥቁር የፀጉር መቆንጠጫ አወጣች፤ የቀረውን ወረቀት ስክሪኑ ጎን ላይ፣ ከዓይኑ ፊት ለፊት ቆነጠጠችው። ማቀዝቀዣው ነፋ፤ ወረቀቱ ተርገበገበ፤ አልሄደም። «አሁን ግራ እጅህ ነፃ ወጣ» አለችው። የመጨረሻውን ገጽ በሁለት እጁ ጻፈላት። ግራ እጁ እንደ እንግዳ ነበር፤ ፊደል አያውቅም፤ ዘገየ፤ እሷ ግን አላቻኮለችውም። አትሞ ሲሰጣት እየሮጠች ወጣች፤ መቆንጠጫውን ረሳችው። ዳውድ ወደ መንገዱ አየ። ተመልሳ ብትመጣ ምን እንደሚላት አሰበ፤ ብዙ ነገር አሰበ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የማይባል ብዙ ነገር። አልተመለሰችም። እሱም ተነሣና መደርደሪያው ላይ አቧራ የለበሱትን የፈድለላን የድሮ የስፌት ካታሎጎች አውርዶ በርጩማው ላይ ደረደራቸው፤ ከላያቸው ላይ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛውን ከላይ ሆኖ አየው።

ፈድለላ ከዐስር በኋላ ከባድ ፌስታል ታቅፎ ገባ። «ኸይር ነው? ዙፋን ላይ ወጣህ እንዴ ያ ዞል? የሙሽሮቼን ፋሽን ቂጥህ ሥር አድርገህ!» አለና ፌስታሉን አስቀመጠ። የአንድ ጡረተኛ መምህር የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ሙሉ መጽሐፍ፤ ለቅዳሜ ማታ ተስፋ ሰጥቷል። ነገ ዓርብም ቢሆን ዳውድ ይግባ፤ ምሳ ከቤቱ ይላክለታል፤ ካህረባም እንዲህ ደህና እያለ። ዳውድ ፌስታሉን አየ። ጠዋት የሰማው የሲት ሂያም ድምፅ ጆሮው ውስጥ ነበር። እሺ ቢል ቦታው የሱ ነው፤ እናቱም ከዚያ ቤት ብትወጣ አንድ ሰው ሥራ ላይ አለ። እሺ ቢል ደግሞ የአውራ ጣቱ ሥር ያለችው ሥጋ ትሄዳለች። እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አያት።

«ዓም ፈድለላ፣ እጄ አይችልም» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ታሟል። ሰንብቷል። ከእንግዲህ በየመሐሉ ካላረፍኩ፣ ዓርብም ከሠራሁ፣ ጭራሹን ይሄዳል። ይህን መጽሐፍ ለቅዳሜ አላደርሰውም።»

ፈድለላ የራሱን ቀኝ እጅ አወጣና ከአምፖሉ ሥር ያዘው፤ አውራ ጣቱ በመቀስ ጆሮ ጠምሞ፣ ወደ ውጭ እንደ ቅርንጫፍ ወጥቷል። «ይህን ታያለህ? ካኪ ስቆርጥ ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ አልችልም ብዬ አላውቅም» አለ። ኩራት ይሁን ቁጭት፣ ድምፁ አልለየም፤ እሱም ራሱ እጁን ትንሽ ሲያየው ቆየና ኪሱ ከተተው። «ሥራዬን ግን መመለስ አልችልም። የእህቴ ልጅ ሙንዚር ሥራ ፈልጎ በየቀኑ ይነዘንዘኛል። መጽሐፉን እሱ ይጽፋል። ከቅዳሜ ጀምሮ አንተ ጠዋት፣ እሱ ከሰዓት። ደሞዙም እንደ ሥራው። የሚስማማህ ከሆነ።»

«ይስማማኛል።»

«ካታሎጎቹን እንዳትቀዳድዳቸው።»

ዳውድ ወጣ። ይማም ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር፤ «አንድ ዛፍ አለ፣ ቅጠሉን...» ብሎ ጀመረና ተወው። ዳውድ የካልሲ ኳሱን አጠገቡ አስቀመጠለት፤ ትከሻውን ነካ አድርጎት ሄደ። ሃፍላው ውስጥ ዴም ሲደርስ ጣቱን አልሞከረም። አጠገቡ የተቀመጡትን ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ቀስ ብሎ፣ «ያ ሐጅ፣ ጣትዎን ያጩሁልኝ፤ እጄን ታምሜ ነው» አላቸው። ሽማግሌው ጧ አደረጉ። ሃፍላው ቆመ። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አናደደው።

ክፍላቸው ሁለት አንገሬብ፣ አንድ ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ዓመቱ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ናት። የግቢው ሰው ውጭ አልጋውን አውጥቶ ያወጋል፤ ዳውድ ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገ። ከሣጥኑ ውስጥ የትምህርት ቤት የእንጨት ማስመሪያውን አገኘ። በጉልበቱ ላይ ለሁለት ሰበረው፤ የተሰበረውን ጠርዝ በድንጋይ አሸው። ግማሹን ከመዳፉ እስከ ክንዱ አስተኝቶ ከእናቱ ያረጀ መጎናጸፊያ ቶብ የቀደደውን ጨርቅ ጠቀለለበት። እስከ መጠቅለሉ ደህና ነበር። መቋጠር ግን አንድ እጅ አይበቃውም። አንዱን ጫፍ በጥርሱ ያዘ፤ ሌላውን በግራ እጁ ሳበ፤ ተፈታ። አገጩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ እንደገና ሞከረ፤ ተፈታ። ሰው ሁሉን ነገር ብቻውን ማድረግ ይችላል፤ ቀኝ እጁን ማሰር ግን አይችልም። ይህን እያሰበ ጨርቁን በጥርሱ እንደያዘ በሩ ተከፈተ።

ጦይባ ናት። ከመግሪብ በኋላ መምጣቷ ልማዷ ነው። «አሰላሙ ዐለይኩም» ብላ ፌስታሏን ሣጥኑ ላይ አስቀመጠች። የሰሊጥ ዘይት ሽታ አብሯት ገባ፤ ከፀጉሯ ሳይሆን ከእጇ። ማስመሪያውን አየች፤ ጨርቁን አየች፤ የልጇን አፍ አየች። ከፊት ለፊቱ ባለው አንገሬብ ላይ ተቀመጠች። ውጭ ሰው ሳቀ።

«ምንድነው?» አለች።

«እጄ ሌሊት እንዳይታጠፍ ነው።»

ለምን አላለችውም። ተጠጋችና ክንዱን ጭኗ ላይ አስተኛችው፤ ልጅ ሳለ እሾህ ስታወጣለት እንደምታደርገው። ጨርቁን ፈትታ ከመጀመሪያው ጠቀለለችለት፤ ቀስ እያለች፣ ሳታጠብቅ። ቋጠሮው ላይ ስትደርስ ጣቶቿ ጫፉን አጡት። ጨርቁን ትይዘዋለች፤ እንደያዘችው ሳታውቅ ይሄድባታል። ደግማ ያዘችው። ዳውድ አጎንብሶ እጇን አየ፤ በሕይወቱ ሁሉ ያየውን እጅ። የአውራ ጣቷ ሥር፣ ሥጋ የሚሆንበት ቦታ፣ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። ጨርቁ ለሦስተኛ ጊዜ አመለጣት።

«ሳሙ...» ብላ ጀመረችና ቆመች።

«እማ፣ ሳሙናው አይደለም።»

«አይደለም» አለች ጦይባ።

ዳውድ በግራ እጁ አንዱን ጫፍ ያዘ። እሷ ሌላውን በሁለት እጇ ያዘች። አሳለፉት፤ ሳቡት፤ አንድ ጊዜ አመለጣቸው፤ ደግመው ሳቡት፤ ቋጠሮው ተያዘ። ከዚያ እጁን እያየ ነገራት፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ግማሽ ቀን ብቻ እንደሚሠራ፣ ከሰዓት ሌላ ሰው እንደሚቀመጥ። ስለ ደላላውም ሊነግራት አፉን ሲከፍት፣ «ያን ተወው» አለችው፤ «ሲት ሂያም ስልክ ስታወራ ጓሮ ድረስ ይሰማል። ቆመህ ስትሰማም አይቼሃለሁ። ቁርስ ሳትበላ መሄድህ ነው የቆጨኝ።»

ሬዲዮው ከጎረቤት ይሰማል። ጦይባ ተነሥታ ሻይ ለመጣድ አላሰበችም፤ ፌስታሏንም አልፈታችም። አንገሬቡ ላይ የቀረውን የማስመሪያውን ግማሽ አነሣችና አገላብጣ አየችው። ቁጥሮቹ በልጅነቱ ጥርስ ተነክሰዋል።

«ይኸኛውስ የማን ነው?»

ዳውድ አላሰበበትም ነበር። «ያንቺ ነው» አለ።

ጦይባ እጅጌዋን ሰበሰበችና ቀኝ እጇን አምፖሉ ሥር ዘረጋችለት። ዳውድ እንጨቱን መዳፏ ላይ አስተኛው፤ የቀረውን ጨርቅ በግራ እጁ መጠቅለል ጀመረ። ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ እንዴት እንደሚያደርጉ ሁለቱም ገና አላወቁም።